ሐራራውም መናኸሪያ አለው

«ሰላም ጋሼ። ዕድሜዬ 37 ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሲጋራ ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። በቀን አንድ ፓኮ አይበቃኝም። ሦስት ጊዜ አቁሜ ሦስቴም ተመልሻለሁ። ረጅሙ 23 ቀን ነበር። በርጫ ላይ ጓደኛዬ ለኩሶ አቀበለኝ፣ ሳላስበው ተቀበልኩት፣ በቃ። የሚገርመኝ ረመዷን ቀኑን ሙሉ ምንም አልሆንም። አዛን ሲቃረብ ግን ከቴምሩ በፊት ሲጋራው ነው የሚታየኝ። ባለቤቴ በዚህ ታዝናለች። ሳቆም ደግሞ ሰው አልሆንም። ረዳቴን እሰድባለሁ፣ ተሳፋሪ በመልስ ሰበብ እጣላለሁ፣ እንቅልፍ የለም፣ ሆዴ ይደርቃል፣ ሳሉ ይብሳል። አንዱ ቀስ በቀስ ቀንስ ይለኛል፣ ሌላው ሺሻ ይሻልሃል ይለኛል። ሐራራው ሲመጣ ምን ልሁን? የሐረጎ ሹፌር ነኝ።»

የኔ ወንድም፣ አብሽር። ሦስት ጊዜ ያቆመ ሰው ማቆም ይችላል ማለት ነው። ያልቻልከው መቆየቱን ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

እኔም 14 ዓመት አጭሻለሁ። ደሴ ፒያሳ ላይ ከሱቅ በደረቴ በፍሬ እየገዛሁ፣ «ፓኮ ካልገዛሁ አጫሽ አይደለሁም» እያልኩ። ስለዚህ ከላይ ሆኜ አልመክርህም።

ከደብዳቤህ ውስጥ አንድ ነገር ያዘኝ። ረመዷን ቀኑን ሙሉ ምንም አልሆንም ያልከው። አንተ ጣል አድርገኸው አልፈሃል፤ እኔ ግን እዚያው ላይ ቆምኩ። ከሱሑር እስከ ኢፍጣር 13 ሰዓት ያህል ነው። ኒኮቲን ደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሱሑር ላይ ካጨስከው የዙሁር ሰላት ላይ የሚቀርህ ትንሽ ነው። የዐስር ሰላት ሲደርስ የለም ቢባል ይሻላል። ሐራራ የሚመጣው ከደም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዐስር ላይ ረዳትህን በጥርስህ ትይዘው ነበር። አልያዝከውም። ለምን? ጥያቄው ጠዋት ስለተዘጋ ነው። «ላጭስ? አላጭስ? አንዲት ብቻ?» የሚባል ክርክር ቀኑን ሙሉ የለም። አዛን ሲቃረብ በሩ ይከፈታል፣ ሐራራውም ያኔ ብድግ ይላል። እኔ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ድረስ ሰላም ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቴን በየደቂቃው አያለሁ።

በእስራኤል የሚያጨሱ የበረራ አስተናጋጆች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። የታተመው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። እነዚያው ሰዎች አንዴ አጭር በረራ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ረጅም በረራ ላይ ሲሠሩ ሐራራቸው ተለካ። ሐራራው የሚበረታው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ሆኖ ተገኘ። ጉዞው አጠረም ረዘመም ማረፊያው ሲቀርብ ይነሳል። በረጅሙ በረራ መሃል ላይ ያሉት፣ በአጭሩ መጨረሻ ላይ ካሉት ያነሰ ነበር ያማራቸው፤ ሁለቱም ሳያጨሱ የቆዩት ሰዓት እኩል ሆኖ እንኳ።

አሁን ወደ አንተ መኪና ልምጣ። ሐረጎን ቁልቁል ስትወርድ፣ ከፊትህ የጭነት መኪና፣ ከኋላህ የቸኮለ አይሱዙ፣ ጉሙ ደግሞ መስታወቱ ላይ፣ ሲጋራ ትዝ ይልሃል? አይመስለኝም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ገብተህ ሞተር ስታጠፋ ግን ቁልፉን ሳትነቅል እጅህ ኪስህ ውስጥ ነው። ሐራራህ ሰዓት ቆጥሮ አይመጣም። መናኸሪያ አለው፤ እዚያ ተቀምጦ ነው የሚጠብቅህ።

ስለዚህ ከማቆምህ በፊት ሦስት ቀን ስጠኝ። እንደ ልብህ አጭስ። ግን በለኮስክ ቁጥር ተራ አስከባሪው በሚሰጥህ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍ። የት ነበርክ? ከማን ጋር? ሌላው እጅህ ምን ይዞ ነበር? በሦስተኛው ቀን ማታ ስታየው ትገረማለህ። ያ ሁሉ ሲጋራ አምስት ስድስት ቦታ ላይ ተከማችቶ ታገኘዋለህ።

የእኔ ወረቀት ላይ የነበረው ይኸው፦ የጠዋት ቡና፣ ከምሳ በኋላ፣ ስልክ ሳወራ፣ በርጫ፣ እና ዝናብ ሲያባራ። የመጨረሻው ያስቃል፣ አውቃለሁ። የደሴ ዝናብ አባርቶ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲነሳ አንድ ካልለኮስኩ የሆነ ነገር የጎደለኝ ይመስለኝ ነበር።

ቦታዎቹን ካወቅክ በኋላ እያንዳንዱን ትንሽ ትነካካዋለህ። መናኸሪያ ስትደርስ መኪናው ውስጥ ቁጭ አትበል። ውረድ። ጎማህን ዙረህ እይ፣ ፊትህን ታጠብ፣ ውሃ ጠጣ። ሒሳብ ከረዳትህ ጋር ቆማችሁ ተሳሰቡ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሐራራው የሚያውቀው ወንበሩ ላይ ጋደም ያልከውን አንተን ነው፤ ቆመህ ጎማ የምትረግጠውን አያውቅህም።

ሐራራው ራሱ ደግሞ ሲመጣ የማያልቅ ይመስላል እንጂ አጭር ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ደቂቃ፣ ሲከፋ አሥር። ባቆምኩ በሁለተኛው ቀን ስልኬን አውጥቼ ለካሁት። ግንባሬን አላበኝ፣ አፌ ደረቀ፣ ዓይኔ መንገድ ላይ የሚያጨስ ሰው ሁሉ ላይ ተተከለ። ስመለከተው አራት ደቂቃ ከምናምን ሆኗል፤ በርዷል። ከዚያ ወዲህ ሐራራ ሲመጣ ሰዓት እይዛለሁ። በአፍንጫህ በቀስታ ሳብ፣ ከሳብከው በላይ ዘግይተህ በአፍህ አስወጣ፣ ደጋግመው። አንተ ተሳፋሪ አውርደህ እስክትጨርስ ያልፋል።

እጅህን ነገር አስይዘው። እኔ ሲጋራ የማስቀምጠው ሸሚዜ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ካቆምኩ በኋላ ሳምንት ሙሉ እጄ ሳላዘው እዚያ ይገባል፣ ባዶ ያገኛል፣ እኔ እበሽቃለሁ። አክስቴ ይህን አይታ የገብስ ቆሎ ከሱፍና ከሽምብራ ጋር ቆልታ በትንሽ ፌስታል ቋጠረችልኝ። «እዚያችው ኪስ ውስጥ አድርጋት» አለችኝ። እጄ ሲገባ ቆሎ ያገኛል። አንድ በአንድ ስቆረጥም አራቱ ደቂቃ ያልፋል። ሸሚዜ ሁሉ የቆሎ ገለባ ሆነ፤ ይሁን። ቆሎ ካልተመቸህ መፋቂያ ያዝ። አፍም እጅም ይይዛል፣ ጥርስም ያጸዳል። ሐረጎ ላይ ግን ሁለቱም እጅህ መሪው ላይ ይሁን፣ አደራ።

ስለ ቡና አንድ ነገር ልንገርህ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ቡናን ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ስታቆም ያ ፍጥነት በጥቂት ቀናት ይወርዳል። ቡናው ደም ውስጥ እጥፍ ያህል ይቆያል። ትናንት ሦስት ስኒ የነበረው ዛሬ ሰውነትህ ላይ እንደ ስድስት ይሆናል ማለት ነው። እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ልብህ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ አንተ ደግሞ «ሲጋራው ነው ያመመኝ» ትላለህ። ከዚያም ትለኩሳለህ። እንቅልፍ የለኝም፣ ሰው እጣላለሁ ያልከው ሁሉ የሲጋራ ብቻ እንዳይመስልህ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አቦልን ጠጥተህ ተነሳ። ቶናና በረካ ይቅሩብህ። ወሎ ውስጥ ከአቦል በኋላ መነሳት ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። ለባለቤትህ ግን ምክንያቱን ንገራት፤ እሷ ካወቀች ጎረቤቱን ሁሉ እሷ ታስረዳልሃለች። ከሰዓት በኋላ ቡናውን ጭራሽ ተወው።

አሁን ወደማትወደው ልምጣ። የጠየቅከኝ ስለ ሲጋራ ብቻ ነው፤ ስለ ጫት አፍ አልከፈትክም። ግን 23 ቀን የገነባኸውን በአንድ ከሰዓት ያፈረሰው በርጫ ነው። እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ የሌላው ሰው ጭስ ቤቱን ሞልቶታል። ምርቃናው ሲመጣ ወሬው ይጥማል፣ አፍ ይመራል፣ እጅ ሥራ ይፈታል። አንዱ ለራሱ ሲለኩስ ለአንተም ይለኩስና ጀባ ይልሃል፤ ክፋት የለበትም፣ እንዲያውም ፍቅር ነው። አንተ እምቢ የምትልበት ራስ በዚያ ሰዓት የለህም።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ። ለመጀመሪያው አንድ ወር ተኩል በርጫ አትሂድ። ጫቱን ለዘላለም ተው አላልኩህም፤ ብትተወው ደስ ይለኛል፣ እሱ ግን ሌላ ደብዳቤ ነው። «ሲጋራውን አቁሜ ጫቱን ልቀጥል» ብለው ከጀመሩ ወዳጆቼ መካከል የተሳካለት አንድ ብቻ ነው። እሱም ቤቱ ብቻውን የሚቅም፣ ጸባዩ የማይታወቅ ሰው ነው። ጓደኞችህን ጠዋት ፉል ቤት አግኛቸው። ኳስ አብራችሁ እዩ። ይቀየሙ ይሆናል፤ ወር ተኩል ነው፣ ይረሱታል።

ለዱዓ ወዳጃ ተጠርተህ መቅረት የማትችልበት ቀን ይመጣል። ሂድ። ግን የምትቀመጥበትን ምረጥ። እኩዮችህ መሃል አትግባ። አፍረህ የማታጨስባቸው ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ በል። ዱዓው ሲያልቅ አሚን ብለህ፣ ተመርቀህ ውጣ። ሰው ሲጋራ ሲያቀብልህ ደግሞ «እያቆምኩ ነው» አትበል። እያቆምኩ ነው ላልከው ሰው መልሱ «አንዲት ምን አላት» ነው። «አላጨስም» በል። ይስቁብህ ይሆናል። ሁለተኛ ጊዜ ግን አያቀብሉህም።

ቀስ በቀስ ቀንስ ላለህ ሰው፦ በዚህ መንገድ የተሳካለት አለ፤ እኔ ግን አንድ ቀን ቆርጠህ ብትተው እመርጣለሁ። እንግሊዝ ሀገር 697 አጫሾችን ለሁለት ከፍለው ሞክረውት ነበር። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከአራት ሳምንት በኋላ፣ በአንድ ቀን ከተዉት ውስጥ 49 በመቶው፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት ውስጥ ደግሞ 39 በመቶው ሳያጨሱ ቆይተዋል። በአንተ ሁኔታ ምክንያቱ የሚገባኝ ይመስለኛል። ከሃያ ወደ አሥር ስትቀንስ አሥር ጊዜ ከራስህ ጋር ትከራከራለህ። ረመዷን ላይ ክርክር የለም ብለናል።

ሺሻ ያለህን ሰው ተወው። አንድ ዙር ሺሻ ላይ የሚሳበው ጭስ ከአንድ ሲጋራ ጋር አይወዳደርም፣ ብዙ እጥፍ ነው። ኒኮቲኑም እዚያው አለ። ውሃው አያጣራውም።

ኒኮቲን ያለበት ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ልጥፍ አለ። በየፋርማሲው የሚደረደር ዕቃ አይደለም፤ ግን ጠይቅ። በትክክል ከተያዘ የማቆም ዕድልን ከፍ ያደርጋል። ማስቲካውን እንደ ሌላው ማስቲካ አታድቅቀው። ጥቂት አኝከህ አፍህን ቆንጠጥ ሲያደርግህ ጉንጭህና ድድህ መካከል አሳርፈው፣ ቆይተህ እንደገና አኝክ። ወዲያው ከቡና በኋላ አታድርገው፣ ሥራውን ያበላሸዋል። የልብ ሕመም ካለብህ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቅ።

ንዴቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ረሃቡ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ ሁሉም የታወቀ ነው። የሚከፋው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቅሃል። ለሆድህ ውሃ፣ ጎመንና ተልባ። ጥቂት ኪሎ ትጨምር ይሆናል፤ አትደንግጥ። ረዳትህን ግን ቀድመህ አናግረው። «ሲጋራ ላቆም ነው፣ ሁለት ሳምንት ብጮህብህ አንተን አይደለም» በለው። እኔ ይህን ለማንም ሳልናገር ነው የጀመርኩት። በሦስተኛው ቀን ያለ ጥፋቱ የሰደብኩት ጎረቤቴ ነገሩ የገባው ከዓመት በኋላ ነው።

ስለ ሳሉ ግን ረጋ ብለህ ስማኝ። ሲጋራ ሲቆም ሳንባ ራሱን ማጽዳት ይጀምራል፤ ለጥቂት ጊዜ ሳል የሚብስበት ሰው አለ። ይህን ብለህ ግን ሳልህን አትተወው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ጤና ጣቢያ ሄደህ የቲቢ ምርመራ አድርግ። ምርመራው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። አክታህ ላይ ደም ካየህ፣ ወይም ከከሳህና ማታ ካላበህ ሁለት ሳምንትም አትጠብቅ። ቀኑን ሙሉ ሰው ጭነህ የምትውል ሰው ነህ።

መኪናው ውስጥ ተሳፋሪ ሳይኖር መስኮት ከፍተህ እንደምታጨስ እገምታለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን እንደሚከለክል ታውቅ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጭሱ ወንበሩ ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ መጋረጃው ላይ ተቀምጧል። ጠዋት በሩን ስትከፍት ያ ሽታ ይቀበልሃል፣ ሐራራውን ይቀሰቅሰዋል። ከማቆምህ በፊት በነበረው ቀን መኪናውን አሳጥብ፣ መጋረጃውን አውልቀህ እጠብ፣ መተርኮሻውን ጣል። ፓኮ ኮፈን ውስጥ «ለክፉ ቀን» ብለህ አትደብቅ። ክፉው ቀን ራሱ እሷን ብሎ ይመጣል።

ብትወድቅስ? እኔ መጀመሪያ ሳቆም ሁለት ወር ቆይቼ ሐይቅ ሰርግ ላይ ወደቅኩ። አንድ ፍሬ። ማታውን ምንም አልሆንኩም፣ እንዲያውም ራሴን አዞረኝ። ጠዋት «ከፈረሰማ አይቀር» ብዬ ፓኮ ገዛሁ። ጥፋቱ የሰርጉ ሲጋራ አልነበረም፤ የጠዋቱ ፓኮ ነበር። ዘጠኝ ወር ባከነብኝ። አንተ አንድ ብታጨስ እዚያው ተርኩሰህ ከቦታው ተነስተህ ሂድ። 23 ቀንህ አልጠፋም። በወረቀትህ ላይ አንድ መናኸሪያ ጨምር፣ ቀጥል።

መጀመሪያውን ቀን ሰኞ ብታደርገው ጥሩ ነው እላለሁ። የሰኞና የሐሙስ ጾም ከለመድክ ጹምበት። ቀኑ እንደ ረመዷን ዝግ ሆኖ ያልፍልሃል። የምትፈራት ያቺ የመግሪብ ሰዓት ነች፤ ለእሷ ተዘጋጅ። ቴምሩና ውሃው ቀድሞ ይቅረብ። ባለቤትህ አጠገብህ ትቀመጥ። እንዳፈጠርክ እግርህን ሳትዘረጋ ወደ ሰላት ተነሳ። ሐራራው መናኸሪያው ላይ ሲደርስ አንተ የሰላት ሰፍ ላይ ነህ።

እሑድ ማታ የቀረህን ሲጋራ ውሃ አፍስስበት። ላይተሩን ለረዳትህ እንዳልልህ እሱም ሳያጨስ አይቀርም። መናኸሪያው በር ላይ ቡና ለምታፈላዋ እህት ስጣት፣ ከሰል ታያይዝበት። አቦል እንደምታወጣልህም ንገራት፤ አቦል ብቻ።